ሠላሳ ስምንቱ ባዶ ካርዶች

ብሬዞቬትስ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2003

ለተከበሩ አቶ ያቮር፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። "አቶ" እያልኩ የምዘልቅ ግን አይመስለኝም። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ በስድስት መንደር ስዞር ያልወጋሁት ሰው የለም፤ አንተም እዚህ ተወልደህ ቢሆን ከመርፌዬ አታመልጥም ነበር። ስለዚህ አንተ ልበልህ፣ አትቀየመኝ። ትናንት የአዋላጆች ቀን ስለነበር ነው መልሱ የዘገየው። ያዋለድኳቸው ሴቶች ወይንና ዳቦ ይዘው መጥተው እጄን እያስታጠቡ፣ እያዘፈኑ ዋሉብኝ። ዛሬ ራሴን እያመመኝ ነው የምጽፍልህ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የሚጥል በሽታ ከነበረባቸው ዘጠና ስድስት ልጆቼ የሠላሳ ስምንቱ ካርድ ከሆነ ወር ጀምሮ ወደ ታች ባዶ ነው፣ ክኒኑን አቋርጠው ጠፉ ብለን እንመዝግባቸው ወይ ብለሃል። አበስኩ ገበርኩ! የትም አልጠፉም። በየወሩ ክኒናቸውን ቤታቸው ድረስ ወስጄ በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ላይ በየወሩ የምጽፈው በሽታው ልጁን ስንት ጊዜ እንደጣለው ነው። ሦስት ከሆነ ሦስት፣ አንድ ከሆነ አንድ። ምንም ካልጣለው ዜሮ መጻፍ አለብኝ። እናቶቹ ግን ዜሮ ስጽፍ ካዩ እጄን ይይዙኛል። "ተይ ቢሴራ፣ ደህና ነው ብለሽ በቀለም ካሰፈርሽው ይሰማና ተመልሶ ይመጣል" ይሉኛል። ሦስቴ እንትፍ እንትፍ ይላሉ፣ ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ፣ ልጁንም ወደ ጓዳ ይሰዱታል። እኔም ባዶውን እተወዋለሁ። እንግዲህ እናንተ የጠፋ የምትሉት የዳነውን ነው።

የአብዛኞቹ ባዶ ለምን ከ1996 ኦክቶበር ወዲህ ሆነ ላልከኝ፣ እርጅና ነው፣ አላስታውስም።

አንድ ነገር ግን ላመስግንህ። የካርዶቼን ግልባጭ ከከተማ መጥተው የወሰዱ ብዙ ናቸው፤ "ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?" ብሎ የጠየቀኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። በእነዚያ ካርዶች ግን ምን ስታደርጉባቸው ቆያችሁ? ደግሞስ አግብተሃል?

ቢሴራ


ፕሎቭዲቭ፣ ፌብሯሪ 6 ቀን 2003

ለማከብርዎ ለአክስቴ ቢሴራ፣

እንደምን ከረሙ? የራስዎ ሕመም ተሻለዎት? ለመልስዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ደብዳቤዎን የሕክምና ቁጥሮች በምናሰላበት ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤው ሁሉም ስቋል፣ ከዚያ ሁሉም ስሌቱን መልሶ አወጣ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

በካርዶቹ ምን አደረጋችሁ ላሉኝ፣ እውነቱን ስናገር አፍራለሁ። ሠላሳ ስምንቱን ከስሌቱ አውጥተን ጣልናቸው። ያልተሟላ ካርድ ሲያጋጥመን የተሟሉትን ብቻ ይዘን መቁጠር የቢሮው ልማድ ነው፤ ሥራው ንጹሕ ይመስላል። በቀሩት አምሳ ስምንት ካርዶች ስናሰላ ሕመሙ በግማሽ የቀነሰላቸው ሃያ ልጆች ብቻ ሆኑ። ከመቶ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ከተማ ወርደው ራሳቸው ክኒኑን ከሚወስዱት ልጆች ግን ከመቶው አርባ አምስቱ ተሽሏቸዋል። ከተማ ያለው ጸሐፊ ቀና ብሎም ሳያይ ዜሮ ይጽፋል፤ ማንም እጁን አይይዘውም። እኛም ነርስ ተራራ እየወጣች ክኒን ማደሏ ጥቅም የለውም ብለን ለመጻፍ አንድ ሳምንት ቀርቶን ነበር። የዳኑትን አውጥተን ያልዳኑትን ብቻ ቆጥረናል፤ እርስዎ ባይጽፉልኝ ኖሮ ይሄ ስሜ ካለበት ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር።

ሜይ 22 የጤና ገንዘብ የሚመድበው ኮሚሽን ይሰበሰባል። የኛን ወረቀት አይቶ የመንደሩን ክኒን ወይ ያስቀጥላል ወይ ያስቀራል። ከቀረ በእርስዎ ስድስት መንደሮች ዛሬ ክኒን የሚወስዱት ስልሳ ሦስት ልጆች በየወሩ ፕሎቭዲቭ መውረድ ሊኖርባቸው ነው፤ በክረምት ማን እንደሚወርድ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

አለቃዬ ደብዳቤዎን አንብቦ "ያቮር፣ ባዶ ቦታ በአሮጊት ቃል አይሞላም" አለኝ። ይቅርታ፣ ቃሉ የሱ ነው። ስለዚህ የሠላሳ ስምንቱን ዝርዝር ልኬያለሁ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት የሚያውቁትን ይጻፉልኝ። የማያውቁት ካለ "አላውቅም" ይበሉ፤ እሱም ለኔ ትልቅ መልስ ነው።

አላገባሁም። ደግሞስ አንድ ቀን ብቅ ብዬ ባመሰግንዎትስ?

አክባሪዎ ያቮር


ብሬዞቬትስ፣ ፌብሯሪ 24 ቀን 2003

ልጄ ያቮር፣

ዝርዝሩ ይኸው። ሠላሳ ስምንቱም ፊት ለፊት "ደህና" ብያለሁ። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ ጽፋዋለች በልልኝ ለአለቃህ።

ለማርች መባቻ ለጤና የምታስረውን ቀይና ነጭ ክር በፖስታው አድርጌልሃለሁ፤ ራሴ ነኝ የፈተልኩት። በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ደግሞ የተራራ እንጆሪ ማርማላታ ልኬያለሁ። ከጣቢያው ራስህ ሄደህ ተቀበለው፣ አለዚያ ሹፌሩ በዳቦ ይጨርሰዋል። ላጤ ሰው ምን እንደሚበላ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ብቅ ብዬ ባመሰግንዎትስ ላልከው፣ ተው አትምጣ። መንገዱ በረዶ ነው። ለጊዮርጊስ በዓል ስትመጣ በግ ይታረዳል።

ማርማላታው መድረሱን ጻፍልኝ።

ቢሴራ


ፕሎቭዲቭ፣ ማርች 23 ቀን 2003

ለማከብርዎ ለአክስቴ ቢሴራ፣

ይህን ያህል ቀን ዝም ስላልኩ ይቅርታ ይደረግልኝ። ማርማላታው ደርሷል፤ ቢሮ አምጥቼ ለጓደኞቼ አቀምሳለሁ ብዬ ነበር፣ ቤቴ አለቀ። ክሩን እጄ ላይ አስሬያለሁ።

በእርስዎ ዝርዝር ባዶዎቹን ስንሞላ ከዘጠና ስድስቱ አምሳ ስምንቱ የተሻላቸው ሆኑ፤ ከመቶ ስልሳ ማለት ነው። አለቃዬ አቀፈኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

እንግዲህ የምፈራውን ልጻፍ። አትምጣ ብለውኝ እያለ ባለፈው ቅዳሜ መጣሁ። ቸኮሌት ገዝቼ፣ ድንገት ደጃፍዎ ላይ ቆሜ ላመሰግንዎት ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ የተለጠፉትን የሙታን መታሰቢያ ወረቀቶች፣ ሰው እንደሚያደርገው፣ እያለፍኩ አነበብኳቸው። አንዱ ፀሐይ ያነጣው ነው። የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ አለበት። "ኔዳ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከተለየሽን ስድስት ዓመት። እናትሽ ስታና" ይላል። ብዙ ስለቆምኩ ሹፌሩ ሲጋራውን ይዞ መጣና "የስታና ልጅ ናት። በሽታው ወንዝ ዳር ጣላት" አለኝ።

ዝርዝሩን በቃሌ ነው የማውቀው። አሥራ ሰባተኛዋ፣ ኔዳ፣ ብሬዞቬትስ፣ ደህና።

በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ። ደጃፍዎን ለማንኳኳት ድፍረቱ አልነበረኝም።

አክስቴ፣ አልተቆጣሁም። ክፉ ሰው ነዎት ብዬ ለአንድ ደቂቃም አላሰብኩም። ግን አንዷ እንዲህ ከሆነች ሠላሳ ሰባቱን እንዴት ልመን? ለአለቃዬም ለማንም አልነገርኩም። እስኪጽፉልኝ ወረቀቱን ከመሳቢያ አላወጣም።

ያቮር


ብሬዞቬትስ፣ ማርች 30 ቀን 2003

ልጄ ያቮር፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እኔ ነኝ። አለቃህ ዘንድ ሳትሄድ መጀመሪያ ለኔ ስለጻፍክ እግዜር ያክብርህ። ብትናገር መብትህ ነበር።

ስታና ጎረቤቴ ናት፤ በመካከላችን አራት አጥር ነው ያለው። ኔዳን በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይጥላት ነበር። ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ እናቷ ከጉያዋ አትለያትም። ክኒኑን ከጀመረች በኋላ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልጣላትም። ያኔ እኔ የእናቶቹን ክልከላ አልሰማም ነበር። ፊታቸው እሺ እላለሁ፣ ከደጃፋቸው ስወጣ ዜሮዬን እጽፋለሁ። ስታና ግን ከሁሉም ትለይ ነበር። "እዚሁ ፊቴ ጻፊው፣ ልየው" ትለኝ ነበር። ሰባተኛውን ስጽፍ ለማጨብጨብ ምንም አልቀራት። ያን ቀን "በቃ እንግዲህ፣ ከልጆቹ ጋር ትውጣ፣ ታስራ አትደግ" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወንዙ ዳር ጣላት። ውሃው ከጉልበት አይደርስም ነበር።

የሰው ዓይን በላት አልልህም። ነርስ ነኝ። ግን ከቀብሯ እንደተመለስኩ ካርዷን አውጥቼ ሰባቱን ዜሮ አንድ በአንድ በምላጭ ፋቅኳቸው። እናንተ ዘንድ ያለው ግልባጩ ስለሆነ የምላጩ ምልክት አይታይም። መሞቷንም አልጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ልጅ ዜሮ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። የኦክቶበሩ ነገር ይኸው ነው፤ አላስታውስም ያልኩህ ውሸት ነው። እናቶቹ እንዲያ ማለታቸው እውነት ነው። እኔ ግን ከነሱ ኋላ ተደበቅሁ።

ዝርዝሩ ላይ "ደህና" ያልኩት ፈርቼ ነው። አንድ ሞት ካዩ ክኒኑን ያስቀሩታል፣ የሌሎቹ ልጆች እዳ በኔ ይሆናል አልኩ። ከሠላሳ ሰባቱም ብዙዎቹን በዓይኔ አይቼ ደህና ነው ያልኩ ሲሆን፣ ሌሎቹን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በወሬ ነው የማውቃቸው። "አላውቅም" ማለትን ፈቅደህልኝ ነበር፤ ኩራቴ አላስቻለኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተለጥፎ ኖሯል።

ስታናን በየቀኑ ሰላም እላታለሁ። የልጇን ስም ግን ስድስት ዓመት ተኩል በአፌ ጠርቼው አላውቅም።

ያሻህን አድርግ። መሞቷ በኔ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? አንተ የቁጥር ሰው ነህ፣ ንገረኝ።

ቢሴራ


ፕሎቭዲቭ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2003

ለምወድዎ ለአክስቴ ቢሴራ፣

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም። አመሰግንዎታለሁ። ይህን ቃል ለወግ እንዳልጻፍኩት ይመኑኝ።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ የሚሆን ቁጥር የለኝም። የማውቀውን ልበል። ያቺ ልጅ ያለ ክኒኑ በቀን ሦስቴ ትወድቅ ነበር። ሰባት ወር እንደ ልጅ ኖራለች። እንድትወጣ የነገራት ይወዳት የነበረ ሰው ነው። ከዚህ ያለፈውን የምትመልስልዎ ስታና ብቻ ናት፤ እኔ አልችልም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። እስክሪብቶውን ወረወረ፣ ሰደበኝ፣ መስኮቱን ከፍቶ ቆመ። በኋላ ዞሮ "ተነስና በየቤቱ አንኳኳ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ። ስድቡ ለርሳቸው እንዳልሆነ ንገራቸው ብሏል፤ ለኔም ባይሆን ደስ ባለኝ።

የማደርገው ይህን ነው። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ወደ ሠላሳ ስምንቱም ቤት እሄዳለሁ። የተሻለውን ተሻለው፣ ያልተሻለውን አልተሻለውም ብዬ እጽፋለሁ። አገር ለቆ የማይገኝ ካለ በግምት አልሞላውም። ሁለት ጊዜ አሰላለሁ፤ አንዴ የጠፉት ሁሉ ድነዋል ብዬ፣ አንዴ ሁሉም ታመዋል ብዬ። በክፉውም በደጉም የመንደሩ ክኒን ከከተማው ከበለጠ ማንም አይጥለውም። ካልበለጠም አልበለጠም ማለት ነው፤ ያንንም እጽፋለሁ። ኔዳ ግን በቁጥሩ ትገባለች። ክኒኑን ትወስድ ነበርና።

እናቶቹ ለኔ በር አይከፍቱም። አብረውኝ ይሂዱ። እለምንዎታለሁ።

ያቮር


ፕሎቭዲቭ፣ ሜይ 24 ቀን 2003

ለምወድዎ ለአክስቴ ቢሴራ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዘጠኝ ቀን ዳገትና ቁልቁለት አስወጥቼ አስወርጄዎታለሁ። እኔም ብሆን በያንዳንዱ ቤት የድንች ቂጣ በልቼ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኛል። እርስዎ በር ላይ "ይሄ ልጅ የሚጽፈው ለሌሎቹ ልጆች ነው፣ እንትፍ በሉና ንገሩት" ባይሉልኝ ኖሮ አንድም ቃል አላገኝም ነበር። ያን ረጅሙን፣ በግ እየሸለተ ያገኘነውን ጎረምሳ ሁሌም አስታውሰዋለሁ። ከሰባት ዓመት ወዲህ አንዴም አልጣለውም፤ እናቱ ግን አሁንም ዜሮ አታስብልም።

ትናንት በስልክ የቸኮልኩበትን አሁን በዝርዝር ልጻፍ። ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ አንዱ ድነዋል። ሁለቱ አልተሻላቸውም። አራቱ ውጭ አገር ሄደው አልተገኙም። አንዷ አርፋለች። ዘጠና ስድስቱንም ስንቆጥር፣ አራቱን ታመዋል ብንል እንኳ ከመቶ አምሳ ሦስቱ ተሽሏቸዋል፤ ድነዋል ብንል አምሳ ሰባት። ከተማው አርባ አምስት ነው። ስልሳ የነበረው ወርዷል፣ ግን አሁን ቢነቀንቁትም የማይወድቅ ሆኗል።

ከኮሚሽኑ አንዱ፣ የሞተችውን ለምን አስገባችኋት፣ ብትተዉአት ማን ያውቅ ነበር ብሎ ጠየቀ። አለቃዬ ቁጭ እንዳለ "እሷን ብንተው ሌሎቹን ማን ያምነናል?" አለው።

የመንደሩ ክኒን ይቀጥላል፤ ለአምስት ዓመት ፈርመዋል። በርስዎ ቦታ ያለችው ነርስም ካርዷ ይለወጣል። ባዶ የሚተው ቦታ አይኖረውም፤ ጣለው፣ አልጣለውም፣ አልተጠየቀም ከሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ዜሮ የሚባል ነገር የለውም። እናቶቹ ይቀበሉታል ብዬ አስባለሁ፤ ሐሳቡ ዳገቱ ላይ የነገሩኝ የርስዎ ነው።

ስልሳ ሦስቱ ልጆች ክረምቱን ቤታቸው ይከርማሉ። ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ምስጋናዬን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ስለማላውቅ እዚህ ላይ ላቁም።

አንድ ነገር ብቻ። ሁለት ጊዜ ስታና ደጃፍ ድረስ ሄደን ተመልሰናል። አልጠየቅሁዎትም፣ አሁንም አልጠይቅም። የወረቀቱን ግልባጭ ግን ልኬያለሁ። ኔዳ ያለችው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

አንተ ይበሉኝ፣ ያቮር


ብሬዞቬትስ፣ ጁን 9 ቀን 2003

ልጄ ያቮር፣ አንተ ማለት ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አሁን ነው የነቃኸው?

ወረቀትህ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። እየዞርኩ አየዋለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ፣ ደግሞ አየዋለሁ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዤው ተነሳሁ። አራቱን አጥር እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም።

ስታና ባቄላ ስትኮተኩት አገኘኋት። ሰላም ብዬ እንደልማዴ የማልፍ መስሏት ቀና ብላ ዝቅ አለች። እኔ ግን ቆምኩ። "ስለ ኔዳ ልነግርሽ ነው የመጣሁት" አልኳት። ስሟን ስጠራ እጇ ላይ የነበረው መኮትኮቻ ወደቀ።

ሁሉንም ነገርኳት። ትውጣ ያልኳት እኔ መሆኔን፣ ካርዷን በምላጭ መፋቄን፣ ላንተ "ደህና" ብዬ መዋሸቴን። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ስትሰማኝ ቆይታ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። ትውጣ ብትዪኝም ባትዪኝም እልካት ነበር አለችኝ፤ ያቺ ልጅ ከሌሎቹ ጋር ስትሮጥ ሳያት ደስታዬን አልችለውም ነበር አለች። ያስቀየማት ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ተኩል መንደሩ በሙሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ልጅቷ እንዳልተወለደች ሁሉ ስሟን መዝለላችን ነው። ምሰሶው ላይ በየዓመቱ ወረቀት የምትለጥፈውም ለዚሁ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ቆሞ እንዲያነብላት። አንተ መቆምህን ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ የታለች አለችኝ። ሁለተኛውን ገጽ አውጥቼ ቦታውን አሳየኋት። ስታና ብዙ አልተማረችም፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቃል በቃል ተከተለችው። "በሕክምና ላይ ሳለች ያረፈች አንዲት ልጅ" ይላል። ሁለቴ አነበበችው።

"እንግዲያው ተቆጥራለች" አለች።

"ተቆጥራለች" አልኳት።

ያን የከተማ ልጅ አመስግኚልኝ አለችኝ፤ ይኸው አመስግኜላታለሁ። ቀና ስትል ግን ፊቷ ሌላ ሆነ፤ ካርዷን አምጪ አለችኝ። ምን ሊያደርግልሽ ብላት እምቢ አለች። ሮጬ ሄጄ ከሣጥኔ አወጣሁት። የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳስቷል።

"መሞቷን ጽፋችኋል፤ ጥሩ። ሰባቱን ወር ግን ደህና ነበረች። እሱንም ጻፊው" አለችኝ። "ፊቴ ጻፊው፣ ልየው።"

እስክሪብቶ ከጓዳዋ አመጣች። ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ሰባቱንም ዜሮ አንድ በአንድ ጻፍኩላት፤ እሷም ወሮቹን እየጠራች አብራኝ ቆጠረች።

ቢሴራ